በቁጥር የተወሰነ እትም፦ አሮጌ ፊልም በማን እጅ ይኑር?

አንድ የቆየ ወዳጄ በቅርቡ ቤቴ መጥቶ መደርደሪያዬን ሲቃኝ አንድ ዲቪዲ መዝዞ አወጣና ዋጋውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ይህ ፊልም እኮ በየወሩ በምከፍላት ጥቂት ገንዘብ ስልኬ ላይ አለ! አንተን የመሰለ ሰው ለአሻንጉሊት እንዲህ ይከፍላል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ» ብሎ ሳቀብኝ። ዲስኩ በ1977 ለእይታ የበቃው «ስታር ዎርስ» ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2006 ለገበያ ቀርቦ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ከገበያ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተነገረለት ውሱን እትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። በስልክህ ያለው ፊልም ይህ አይደለም አልኩት። ስሙ አንድ ነው፣ ተዋንያኑም አንድ ናቸው፣ ፊልሙ ግን ሌላ ነው። አላመነኝም። ስለ መንግሥታትና ስለ ሥልጣን ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስለ ዲስክና ስለ ካርቶን ሣጥን ማውራታችን ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። ይሁንና ትናንት የሆነውን ዛሬ ማን ይሰርዘዋል፣ የተሰረዘውንስ ማን ደብቆ ያቆየዋል የሚለው ጥያቄ በመዝገብ ቤትና በአዋጅ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በፊልም ታሪክ ውስጥ ይህ ጥያቄ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ሜትሮፖሊስ»ን እንውሰድ። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ላንግ የሠራው ይህ ድምፅ አልባ ፊልም ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ርዝመቱ 4,189 ሜትር ነበር። ባለጸጎች በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ ሲንፈላሰሱ፣ ላብ አደሮች ከመሬት በታች የማሽን ባሪያ ሆነው የሚኖሩባትን የወደፊት ከተማ ያሳያል። ወጪው የሠራውን ኩባንያ፣ ኡፋን፣ ክፉኛ አንገዳገደው፤ ገቢውም ከወጪው ጋር የሚተያይ አልሆነም። በአሜሪካ እንዲያሳየው የተረከበው ፓራማውንት ደግሞ ፊልሙ ረዝሟል፣ ተወሳስቧልም ብሎ ቻኒንግ ፖሎክ ለተባለ ጸሐፌ ተውኔት አስቆረጠው። ኡፋም በዚያው ዓመት የጀርመኑን ሥሪት ከየሲኒማ ቤቱ ሰብስቦ አሳጠረው። ሩብ ያህሉ ጠፋ።

የጠፋው ጌጥ አልነበረም። በታሪኩ ውስጥ የከተማዪቱ ገዢና መካኒካዊቷን ሴት የፈጠረው ሊቅ ጠላትነታቸው የሚመነጨው ሁለቱም ካፈቀሯት ሄል ከተባለች ሟች ሴት ነው። ስሟ በእንግሊዝኛ ሲነበብ ሲኦል የሚለውን ቃል ስለሚመስል አሜሪካውያኑ ከፊልሙ ጨርሰው ፋቋት። እርሷ ስትፋቅ የሊቁ በቀል ምክንያት የለሽ ሆነ፤ ምክንያት ያለው ሰው እብድ ሆኖ ቀረ። ሐያስያንም ለብዙ ዓመታት «ሜትሮፖሊስ ለዓይን ውብ ነው፣ ታሪኩ ግን ውል የለውም» እያሉ ላንግን ሲወቅሱ ኖሩ። መቀሱን የያዘው ሌላ፣ ተወቃሹ ሌላ።

በ1984 የሙዚቃው ሰው ጆርጆ ሞሮደር ያንኑ ቁራጭ ቀለም አልብሶ፣ በዘመኑ ዘፈኖች አጅቦ፣ ይበልጥ አሳጥሮ አወጣው። በ2001 የጀርመኑ የሙርናው ተቋም ከየአገሩ የተሰባሰቡትን ቅጂዎች አጋጥሞ እጅግ የተሻለ ሥሪት አዘጋጀ፤ ዩኔስኮም በዚያው ዓመት ፊልሙን በዓለም የማስታወሻ መዝገብ ላይ አሰፈረው። የጎደሉት ትዕይንቶች ግን በጽሑፍ ማብራሪያ ብቻ ተተኩ። የቀረው ለዘላለም ጠፍቷል ተባለ።

አልጠፋም ነበር። አዶልፎ ዊልሰን የተባለ አርጀንቲናዊ አከፋፋይ ፊልሙ ከመቆረጡ በፊት የነበረውን ሥሪት አንድ ቅጂ በ1928 ቦነስ አይረስ አስገብቶት ነበር። ቅጂው በሲኒማ ቤቶች ከታየ በኋላ ማኑኤል ፔኛ ሮድሪጌዝ የተባለ የፊልም ሐያሲ ለግል ክምችቱ ወሰደው። በ1960ዎቹ ክምችቱ ለአገሪቱ የኪነ ጥበብ ፈንድ ተሸጠ። የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ቅጂው ወደ 16 ሚሊ ሜትር ተገለበጠ፤ ጭረቱና የዘይት ጠብታው ሳይጠረግ አብሮ ተገለበጠ። በ1992 ይኸው ግልባጭ ወደ ከተማዪቱ የፊልም ሙዚየም ገባና እዚያው ተረሳ። ፈርናንዶ ማርቲን ፔኛ የተባለ የፊልም ታሪክ አጥኚ ግን ከዓመታት በፊት አንድ ነገር ሰምቶ ነበር። አንድ የሲኒማ ክበብ ኃላፊ ይህን ፊልም ሲያሳይ ማሽኑ ስላስቸገረው ከሁለት ሰዓት በላይ ፊልሙን በጣቱ ተጭኖ መቆሙን እያማረረ ያወራ ነበር። በዓለም የሚታወቀው ሥሪት ያን ያህል አይረዝምም። ከሁለት ሰዓት በላይ ከየት መጣ? በ2008 ፔኛና የሙዚየሙ ኃላፊ ፓውላ ፌሊክስ-ዲዲየር ቆርቆሮውን ከፍተው አዩ። 25 ደቂቃ ያህል የጠፋ ትዕይንት እዚያ ተቀምጦ ነበር። ሄልም ከነሐውልቷ ተመለሰች። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 የተጠገነው ፊልም በርሊን ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመትም በብሉ ሬይ ወጣ። እኔ ዘንድ ያለው የእንግሊዙ እትም ነው፤ የተመለሱት ትዕይንቶች በጭረት ብዛት ዝናብ የሚዘንብባቸው ስለሚመስሉ፣ ተመልካቹ የትኛው ደቂቃ ከየት እንደተረፈ በዓይኑ ይለያል።

ነገሬ ግልጽ ይመስለኛል። ኩባንያው የቆረጠውን አንድ ሐያሲ ከቤቱ አኖረው። ያኔም ወዳጆቹ ስቀውበት ይሆናል።

ይህ የተለየ አጋጣሚ አይደለም። በ1922 የተሠራው «ኖስፌራቱ» ከ«ድራኩላ» ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ በመሆኑ የደራሲው ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ከሰሱ፤ በ1925 የበርሊን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲደመሰሱ ፈረደ። ወይዘሮዋ በሕጉ ልክ ነበሩ። ዛሬ ፊልሙን የምናየው ግን ፍርዱ ያልደረሰባቸው ቅጂዎች ስለተረፉ ነው። ፍርድ ቤት ያላዘዘባቸውም ቢሆኑ ዕጣቸው ከዚህ አልተሻለም። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ስቱዲዮዎች አሮጌውን ፊልም ዳግመኛ ገንዘብ የማያመጣ፣ መጋዘን የሚያጣብብ ቆሻሻ አድርገው ቆጠሩት፤ በውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ያቀለጡት ብዙ ነው። ጁላይ 9 ቀን 1937 በኒው ጀርሲ የነበረው የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ነደዱ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት እንደተመለከተው ከ1912 እስከ 1929 በአገሪቱ ከተሠሩት 10,919 ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ ይዘታቸው ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

በቤቱ ፊልም የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ በሌባ ዓይን ይታይ ነበር። በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የዝነኛውን ተዋናይ የሮዲ ማክዳወልን ቤት ፈትሾ የፊልምና የቪዲዮ ክምችቱን ወስዶበታል። ብዙ ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ በ1976 ቪኤችኤስን አወጡ። በ1977 አንድሬ ብሌይ የተባለ የሚሺጋን ነጋዴ ሃምሳ የፎክስ ፊልሞችን በካሴት የመሸጥ ፈቃድ አገኘ። ስቱዲዮዎቹ በመቅጃው ማሽን ላይ ያነሡት ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 በአምስት ለአራት ድምፅ ተሸነፉ። ጥቂት ሳይቆይ የካሴት ገበያ ራሳቸውን ስቱዲዮዎቹን አበለጸጋቸው። የከሰሱት ነገር እንጀራ ሆናቸው።

በዚያው በ1984 ክራይቴሪየን የተባለው አሳታሚ የሸክላ ዘፈን በሚያህለው ሌዘር ዲስክ ላይ «ሲትዝን ኬን»ንና «ኪንግ ኮንግ»ን አወጣ። በ«ኪንግ ኮንግ» ላይ ሮናልድ ሄቨር የተባሉ የፊልም አዋቂ ፊልሙ እየታየ ጎን ለጎን ታሪኩን የሚተርኩበት ሁለተኛ የድምፅ መስመር ተጨመረበት። ይህ በጊዜው ያልተለመደ ነገር ነበር። ፊልም እንደ መጽሐፍ መቅድም፣ ኅዳግና ማብራሪያ ያለው፣ ሊቃውንት የሚያርሙት እትም ሊኖረው እንደሚችል ያሳየው ይህ አሠራር ነው። ለቴሌቪዥን ሲባል ጎንና ጎኑ የተቆረጠው ምስልም በእነዚህ እትሞች ሙሉ ስፋቱን እያገኘ መጣ። ገዢዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ዋጋውም ውድ ነበር። ዛሬ በየዲቪዲው የምናየው ተጨማሪ ዝግጅት ሁሉ የተጀመረው ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ዲስክ ልመለስ። ቴድ ተርነር በ1986 የኤምጂኤምን የፊልም ክምችት ከገዛ በኋላ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒውተር ቀለም መቀባት ጀመረ። ንብረቴ ነው አለ። ባለሙያው ተንጫጫ። በፈረንሳይ የጆን ሂውስተን ወራሾች «ዘ አስፋልት ጀንግል» ቀለም ተቀብቶ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ያነሡትን ክስ በ1991 በሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት አሸነፉ። በአሜሪካ ግን የፊልሙ ባለቤት ገንዘቡን ያወጣ እንጂ የሠራው አይደለምና ነገሩ ወደ ኮንግረስ ሄደ። በ1988 እዚያ ቀርበው የጥበብ ሥራ የሕዝብ ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ በሕግ ይጠበቅ ብለው ከተከራከሩት ባለሙያዎች አንዱ የ«ስታር ዎርስ» ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ነበር። የአገር አቀፍ የፊልም መዝገብ የተቋቋመው በዚያ ክርክር ሳቢያ ነው፤ በ1989 በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 25 ፊልሞች ውስጥም «ስታር ዎርስ» አለበት።

ያው ሉካስ በ1997 ፊልሙን ቀየረው። አዳዲስ ፍጡራን ጨመረ፣ ትዕይንት ቀጠለ፤ ለዚህም ሲባል የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ራሱ ተፈታትቶ እንደገና ተቀጣጠለ። ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ትዕይንት ነው። በ1977 ሃን ሶሎ የተባለው ወሮበላ ሊወስደው የመጣውን ገዳይ ከጠረጴዛ ሥር ቀድሞ ተኩሶ ይጥለዋል፤ በ1997 ግን ገዳዩ መጀመሪያ ተኩሶ ይስታል፣ ሃንም ራሱን ሲከላከል ይታያል። የአንድ ሴኮንድ ለውጥ ናት። ነገር ግን ሰውየው በፊልሙ መጨረሻ የሚያሳየው የባሕርይ ለውጥ የሚመዘነው በመጀመሪያ በነበረበት ነው፤ መጀመሪያውን ሲያነጹት መጨረሻው ቀለለ። የአንድን ጀግና የወጣትነት ኃጢአት ከታሪክ መጽሐፍ የሚፍቁ ሰዎች በየአገሩ የሚፈጽሙት ስሕተት ይኸው ነው።

በ2004 የወጣው ዲቪዲ ከዚያም የባሰ የተለወጠ ነበር። ተመልካቹ ዝም ስላላለ በ2006 የ1977ቱ ሥሪት እንደ ተጨማሪ ዲስክ ሆኖ፣ ያውም ለጥቂት ወራት፣ ተሸጠ። ጥራቱ ለ1993ቱ ሌዘር ዲስክ ከተዘጋጀው ቴፕ የተወሰደ በመሆኑ ዛሬ በትልቅ ቴሌቪዥን ሲታይ ያሳዝናል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በአዲስ መልክ ተጠግኖ በዲስክ አልወጣም። ጁን 2025 ለንደን ውስጥ የብሪታንያ ፊልም ተቋም ከ1977 የተረፈውን ቅጂ በፌስቲቫሉ ሲያሳይ እንደ ብርቅ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ፊልሙ የሉካስ ነው፣ ያሻውን ያድርገው የሚሉ አሉ። እኔም ደራሲ ሥራውን የማረም መብት የለውም አልልም። አዲሱን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ አሮጌው እንዳይገኝ ማድረግ ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንን ሰብሳቢዎቹንም መታዘብ ይገባል። «በቁጥር የተወሰነ» የሚለው ጽሑፍ ሁልጊዜ ቅርስ ጠባቂነት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ብልሃት ነው። በ2011 ሥራ የጀመረው ትዋይላይት ታይም የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፈቃድ እየገዛ እያንዳንዱን ፊልም በአብዛኛው በ3,000 ቅጂ ብቻ ያወጣ ነበር። አሠራሩ ስቱዲዮዎቹ ችላ ያሏቸውን ብዙ ፊልሞች አድኗል። በዚያው በ2011 ያወጣው «ፍራይት ናይት» ግን ተሸጦ ሲያልቅ ዋጋው በሁለተኛ እጅ ገበያ ተሰቀለ፤ ፊልሙን ለማየት ሳይሆን አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ሰውም ተፈጠረ። ኩባንያው በ2020 ሥራውን አቆመ። ክራይቴሪየን በ1998 ያወጣው የፓዞሊኒ «ሳሎ» ከገበያ ከወጣ በኋላም እንዲሁ በመቶዎች ዶላር ይቸበቸብ ነበር፤ በ2008 እንደገና ሲታተም ያንን ያህል ከፍሎ የገዛው ሁሉ ጸጥ አለ። ማሸጊያውን ሳይከፍቱ የሚያስቀምጡትን ሰዎችማ ምን ብዬ እንደምጠራቸው አላውቅም። ያልታየ ፊልም ምኑ ነው የሚጠበቀው?

ከመደርደሪያዬ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው የጂሎ ፖንቴኮርቮን «የአልጀርስ ጦርነት» ነው። በ1966 በቬኒስ ወርቃማውን አንበሳ ቢሸለምም ፈረንሳይ እስከ 1971 አላሳየችውም። ኦገስት 2003፣ ኢራቅ በተወረረች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ፔንታጎን ለሹማምንቱ አሳየው። ክራይቴሪየን በ2004 ባወጣው የሦስት ዲስክ እትም ውስጥ የቀድሞ የአሜሪካ የፀረ ሽብር ባለሥልጣናት ስለ ፊልሙ የተወያዩበት ክፍል ይገኛል። የነጻነት ተዋጊዎችም፣ አማፂ አሳዳጆችም አንዱን ፊልም ለየፊናቸው ትምህርት ያዩታል። ያ ውይይት ከዲስኩ ጋር ባይታተም ኖሮ ዛሬ የት ፈልገን እናገኘው ነበር?

የእኛንም ቤት እናንሣ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974፣ ዘውዳዊው ሥርዓት እየተናደ ሳለ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። በ1993 የሠራውን «ሳንኮፋ»ን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት እርሱና ባልደረቦቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የተከፈተው የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር የዚያው ትግል ፍሬ ነው። «ሳንኮፋ» ተጠግኖ ለሰፊው ዓለም የተሰራጨው በ2021 ነው። በመካከሉ ላሉት ብዙ ዓመታት ፊልሙ የኖረው በየሳሎኑ በተቀመጠ ካሴት ውስጥ ነበር። በሌላ በኩል የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው፣ በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በስሙ የማያውቀው የፊልም ወዳጅ ጥቂት ነው። ከአንባቢዎቼ ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? እኔ አላየሁትም።

ወዳጄ በስልኬ አለ ያለው ነገር ስንት ቀን ይኖራል? በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዙት ሰዎች የንባብ መሣሪያ ላይ በሌሊት አጠፋው፤ ከመጻሕፍት ሁሉ ያንን! በ2022 ሶኒ በጀርመንና በኦስትሪያ ደንበኞቹ ገንዘብ ከፍለው የገዟቸውን የአንድ አከፋፋይ ፊልሞች ከፕሌይስቴሽን ማኅደራቸው እንደሚያነሣ አስታወቀ። በ2023 ደግሞ «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» የተባለው የ1971 ፊልም ያለ ማስታወቂያ ጥቂት ሴኮንዶች ተቆርጠውለት በኢንተርኔት ሲታይ ተገኘ፤ የተቆረጠው ፖሊሱ ዘረኛ ስድብ የሚሳደብበት ቦታ ነበር። ስድቡ አስጸያፊ ነው። ነገር ግን ፊልሙ የሚናገረው ያ ፖሊስ እንዲያ ዓይነት ሰው መሆኑን ነው። ለውጡን ያወቁት ሰዎች ያወቁት አሮጌው ዲስክ በእጃቸው ስለነበረ ብቻ ነው። ያው በ2023 ኔትፍሊክስ የዲቪዲ ኪራይ አገልግሎቱን ሴፕቴምበር ላይ ዘጋ።

ዲስክም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ብዙ ሌዘር ዲስኮች ሁለቱ ገጾች የተጣበቁበት ሙጫ አየር እያስገባ አሉሚኒየሙን ስለሚበላው ምስላቸው በነጠብጣብ ተሸፍኖ ሞተዋል፤ ከእኔም ሦስቱ እንዲሁ ሆነዋል። የ2006ቱን ዲስክ ባለፈው እሑድ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንጋጥጬ አየሁት። እስካሁን ደህና ነው። ወዳጄን ደውዬ ጠራሁትና የመጠጥ ቤቱን ትዕይንት መጀመሪያ ከስልኩ፣ ቀጥሎ ከዲስኩ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ «ለአንድ ሳምንት አውሰኝ» አለኝ። መምጣት በፈለግህ ቀን እዚሁ ና፣ አብረን እናያለን አልኩት።